«ሞቷል» ብዬ እጄን የሰደድኩበት ኮንገር

በቀኝ አውራ ጣቴ ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ እስከ መዳፌ የሚወርድ የጠባሳ መስመር አለ። የሚያዩት ሰዎች «መጋዝ ነው?» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ እስከ ዛሬ እባብ ነው ባይ ናት። ወሬው ሐዋሳ ሲደርስ «ልጄን እንግሊዝ አገር የባሕር እባብ ነደፈው» ሆኖ ሰፈሩን አዳርሷል። ዓሣ ነው ብዬ ባስረዳትም «ዓሣማ አይናከስም» ብላ ዘጋችው።

ዓሣ ነው። ኮንገር ይባላል። እባብ ከሚመስሉት፣ ኢል ከሚባሉት ዓሦች ወገን ሲሆን በክብደት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ይህንን የምጽፈው በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በፈረንሳይ ወይም በስፔን የባሕር ዳር ከተሞች ለምትኖሩ፣ በእረፍት ቀናችሁ መንጠቆ ይዛችሁ ለምትወጡ ወይም ዓሣ ቤት ለምትሠሩ የአገሬ ልጆች ነው። እኔ በእጄ የከፈልኩትን እናንተ በማንበብ ብቻ እንድታልፉት።

ነገሩ የሆነው እንግሊዝ ውስጥ፣ ፕሊመዝ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከወደቡ አፍ ላይ ማውንት ባተን የሚባል፣ ወደ ባሕሩ የተዘረጋ የድንጋይ ግንብ አለ። ሌሊት ኮንገር ፈላጊዎች የሚሰለፉበት ቦታ ነው። እኔን የወሰዱኝ አንድ የአገር ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ፣ ባሕር ከእኔ ይልቅ የሚያውቃቸው ሰው። መስከረም ውስጥ ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ጨረቃም አልወጣችም። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ኮንገር ያዙ። ግንቡ ላይ አስተኝተው እርጥብ ጆንያ ጣሉበትና ሌላ መንጠቆ ማዘጋጀት ጀመሩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም አለ። እኔም መንጠቆውን ላወጣላቸው ጆንያውን ገለጥኩ።

«አንተ ልጅ፣ እጅህን አታስገባ።»

«ሞቷል እኮ ጋሼ።»

«ማን ነገረህ?»

ማን እንደነገረኝማ አሁን አውቀዋለሁ፤ ቆሮሶ ነው የነገረኝ። ያደግሁት ሐዋሳ አሞራ ገደል አጠገብ ነው፤ ልጅ ሆኜ ዓሣ እየገፈፍኩ ለደብተር የሚሆን ሳንቲም ለቅሜያለሁ። ቆሮሶ ከመረብ ከወጣ ትንሽ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ አለቀ። ዝም ካለ ሞቷል ማለት ነው። ያኔ ማስታወስ የነበረብኝ ግን አምባዛን ነበር። አምባዛን ያየ ሰው ያውቃል፤ ጀልባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጋድሞ ከቆየ በኋላ ቢላ ሲነካው ይነሳል። እሱስ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ኮንገር ያ አካል የለውም፤ ነገር ግን የስንጥቡ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም፤ ገላውም በዝልግልግ የተሸፈነ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሰን ዕድሜውን ያራዘምንለት ደግሞ እኛው ነን።

አውራ ጣቴን ነከሰ። የኮንገር ጥርስ እንደ ውሻ ክራንቻ ረጅም አይደለም፤ ትናንሽና እርስ በርሱ ተጠጋግቶ የተደረደረ፣ አንድ ላይ ሲሆን የሚቆርጥ ጠርዝ ነው። ከንክሻው የባሰው ቀጥሎ ያደረገው ነው፤ ነክሶ አልቆመም፣ ገላውን እንደሚጨመቅ ልብስ አሾረው። ትልቅ ምግብ ሲያገኝ ገንጥሎ ለመዋጥ የሚያደርገው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ እጄን ጎተትኩ። ሐኪሟ በኋላ እንደነገረችኝ የቁስሉ ትልቁ ክፍል ከመጎተቴ የመጣ ነው። ጋሼ «አትጎትት! ዝም በል!» እያሉ ሲጮኹ ይሰማኛል፤ እጅ ግን ምክር አይሰማም። ራሱ ሲለቀኝ ሥጋዬ ተዘልዝሎ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ እንደተያዛችሁ ቆዩ። የዓሣውን ገላ መሬት ላይ ተጭኖ እንዳይሾር የሚይዝላችሁ ሰው ካለ ጥሩ ነው። ሲለቅ ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውኃ እጠቡና በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ነገ አትበሉ። ኮንገር ሲነክስ መርዝ አይረጭም፣ ይህንን ለእናቴም ነግሬያታለሁ፤ ነገር ግን የዓሣ ንክሻ ቶሎ ያመረቅዛል። የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ ተወግቼ፣ የሳምንት ፀረ ተሕዋስያን ኪኒን ይዤ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ እንስሳው መጠየቅ የጀመርኩት። በንዴት ነበር የተጀመረው።

መጀመሪያ የተማርኩት ኮንገርን ከወንዙ ኢል መለየት ነው። ይህ ለዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ሊያስቀጣችሁ ይችላል። የአውሮፓ የወንዝ ኢል ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ በመንጠቆ የተያዘ የወንዝ ኢል በሕይወቱ ወደ ውኃ መመለስ አለበት። ፕሊመዝን በመሰለ፣ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ሁለቱም አንድ ሌሊት ላይ መንጠቆ ሊይዙ ይችላሉ። በቀለም አትለዩአቸው፤ ኮንገር ድንጋይ መካከል የኖረ እንደሆነ ይጠቁራል፣ አሸዋ ላይ የኖረው ግራጫ ይሆናል። ጀርባውን እዩ። በኮንገር ላይ የጀርባው ክንፍ ከጭንቅላቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከጎን ክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ይጀምርና ጅራቱን ዞሮ በሆዱ ሥር ይመለሳል። በወንዙ ኢል ላይ ግን ራቅ ብሎ፣ ወደ ገላው መካከል ተጠግቶ ነው የሚጀምረው። አፉንም እዩ፤ የኮንገር የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ቀደም ይላል፣ የወንዙ ኢል ደግሞ የታችኛው መንጋጋ ነው የሚቀድመው። አንዴ ጎን ለጎን ካያችኋቸው ከዚያ በኋላ አትሳሳቱም።

መጠኑን በተመለከተ ከዓሣ አጥማጅ አፍ የሚወጣውን ሁሉ አትመኑ፤ ፎቶም አትመኑ፣ ወደ ካሜራው አስጠግቶ ያዘ ማለት ክርን የሚያህለው ሰው ያክላል። ከባሕር ዳር የሚያዘው አብዛኛው ከአንድ ሜትር ተኩል አያልፍም። ወንዱ ትንሽ ነው፤ ትልልቆቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው። በብሪታንያ በመንጠቆ ከተያዙት ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1995 ከእኛ ብዙም በማይርቀው ብሪክስሃም፣ በሪ ሄድ ከሚባለው አፋፍ ማዶ የተያዘ ሲሆን 60 ኪሎ ይመዝን ነበር። አንድ ጎረምሳ የሚያህል ዓሣ ማለት ነው። ጣቴን የነከሰኝ እንግዲህ ልጅ እግር ነበር።

ጣቴ ሲድን ጠለቃ ተማርኩ። ለምን እንደሆነ ባለቤቴም እስካሁን ትጠይቀኛለች። ከፕሊመዝ ምዕራብ ዊትሳንድ በተባለው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ጄምስ ኢገን ሌይን የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ የሰመጠች የጭነት መርከብ አለች። ጥልቀቱ ከሃያ ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ እንደ እኔ ያለ ጀማሪም ከአሠልጣኝ ጋር ይወርድበታል። ብረቱ መካከል ባትሪዬን ሳበራ መጀመሪያ ያየሁት ጭንቅላት ብቻ ነው። ትልልቅ ዓይኖች፣ ወፍራም ከንፈር፣ የሚከፈትና የሚዘጋ አፍ። ልቤ ቆመ። አሠልጣኜ ግን በእጁ ምልክት አረጋጋኝ። አፉን የሚከፍተው ሊነክስ አይደለም፤ ውኃ በስንጥቡ ላይ ለማሳለፍ ነው፤ እየተነፈሰ ነው። ብርሃኑን ከዓይኑ ላይ ሳነሳለት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ጨለማው ገባ።

ሕይወቱ ይኸው ነው። ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ጭንቅላቱን ወደ በሩ አድርጎ ይተኛል፤ ማታ ይወጣል። የሚመራው በዓይኑ ሳይሆን በአፍንጫው ነው። ትናንሽ ዓሦችን፣ ሸርጣንን፣ ስኩዊድን፣ ኦክቶፐስን ይበላል፤ የሞተ ነገርም አይንቅም። ሎብስተር ከሚባለው የሸርጣን ዘመድ ጋር ተጎራብቶ ሲኖር ጠላቂዎች ያዩታል፤ ሎብስተሩ ጠንካራ ቅርፊቱን ለውጦ ገላው በለሰለሰ ቀን ግን ጉርብትናው ያበቃል፣ ይበላዋል ይላሉ። እኔ ይህኛውን አላየሁም።

ጠላቂዎች ሲነከሱ አብዛኛውን ጊዜ ያስለመዱት ሰዎች አሉ ማለት ነው። ዓሣ ወይም ቋሊማ በእጃቸው እያጎረሱ ፎቶ የሚነሱ አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን ሲዘረጋ ኮንገሩ ጣትና ቋሊማ አይለይም። ያለ ምንም ምክንያት የመሰለም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አየርላንድ ኪላሪ በተባለው ወደብ ውስጥ አንድ ጠላቂ ፊቱን ተነክሶ ጉንጩ ተቦጭቋል። ብርቅ ነገር ነው፤ ቢሆንም ለማያዩት ጉድጓድ እጅ አይሰጥም። ይህንን የሐዋሳ ልጅ ለአምባዛ ጉድጓድም ያውቀዋል።

አሁን ከሁሉ ወደገረመኝ ልምጣ። ይህ ቤቱን የማይለቅ፣ ጉድጓድ ጠባቂ ዓሣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቤቱን ለዘለቄታው ጥሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ገላው መለወጥ ይጀምራል። መብላት ያቆማል። አንጀቱ ይሟሽሻል፣ ጥርሶቹ ይረግፋሉ፣ አጥንቱ ይለሰልሳል። ያ የእኔን ጣት የዘለዘለ መንጋጋ እንደ ሽማግሌ ድድ ይሆናል። ይህንን ሰዎች ያወቁት በአኳሪየም ውስጥ ከቆዩ ሴት ኮንገሮች ነው፤ መሄጃ ስላጡ እዚያው ሆዳቸው በእንቁላል ተነፍቶ ሞተዋል። የሰውነታቸው ሥጋና አጥንት ሁሉ ወደ እንቁላል ነው የሚዞረው። አንዷ ከ3 እስከ 8 ሚሊዮን እንቁላል ትሸከማለች። ባሕር ውስጥ ያሉት ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ፤ ከሚወልዱባቸው ቦታዎች አንዱ ሜዲትራኒያን ነው፤ እዚያ እጅግ ትናንሽ እጮች ተገኝተዋል። እንቁላሏን ጥላ እናትየዋ ትሞታለች፤ አባትየውም እንዲሁ።

እጩን በሥዕል ሳየው ኮንገር ነው ብዬ አላመንኩም። እንደ መስተዋት ዕቃ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠፍጣፋ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወስዳችሁ ቀለሙን ብታጥቡት ያንን ይመስላል። ጭንቅላቱ ደግሞ ከገላው ጋር ሲተያይ ነጥብ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ከውኃው ጋር እየተንሳፈፈ ወደ ዳርቻ ይመጣል። ሊቃውንቱም ተሳስተውበታል። እ.ኤ.አ. በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዌልስ ውስጥ ሲገኝ ራሱን የቻለ ሌላ ዓሣ ነው ተብሎ በአግኚው በሞሪስ ስም ሌፕቶሴፋለስ ሞሪሲ ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ ስም ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኢቭ ደላዥ ሮስኮፍ በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ አንዱን በሕይወቱ በገንዳ አቆይቶ ዓይኑ እያየ ወደ ኮንገር ተለወጠለት። ሲለወጥም አያድግም፤ ያጥራል፣ ይጠባል፣ ይድቦለቦላል። እኛ ግንቡ ላይ ቁጭ ብለን ማታ የምናያት ትልቅ መርከብ የምትሄደው ወደዚያችው ሮስኮፍ ነው። ለጋሼ ይህንን ስነግራቸው መርከቧን ረጅም ሰዓት ካዩ በኋላ «ታዲያ የበኩር ልጁን ሳያይ ነው የሚሞተው በለኛ» አሉና ክራቸውን ወደ ውኃው ወረወሩ።

ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ትልቅ ሴት ኮንገር አልወስድም። አሥር ዓመት ኖራ አንዴም ያልወለደች ናት። በዓመት አንድ ወይም ሁለት መካከለኛ ይበቃኛል፤ ሌላውን እመልሳለሁ። የምታጠምዱ ከሆነ ከጋሼ የወሰድኩት እንዲህ ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ስለሚቀንስ ውኃው ይረጋል፤ የዚያን ጊዜ ኮንገር በደንብ ይወጣል። መንጠቆው ላይ የምትሰኩት ማኬሬል የተባለው ዓሣ ወይም ከትልፊሽ የተባለው የስኩዊድ ዘመድ ትኩስ ይሁን፤ የሸተተ አይወድም። የመጨረሻው አንድ ሜትር ክር ወፍራም መሆን አለበት፤ ቀጭኑን ጥርሱ እየፈገፈገ ይጨርሰዋል። ሲይዝ አያስደነግጥም፤ ልጅ ቀሚስ እንደሚጎትት ነቅ ነቅ ያደርጋል። የዚያን ጊዜ ቶሎ ከታች አንሱት። ከዘገያችሁ ጅራቱን ድንጋይ ሥር ሰክቶ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከዚያ በኋላ ክር እንጂ ዓሣ አይወጣም።

የምትመልሱት ከሆነ እስከ ናካቴው ባታወጡት ነው የሚሻለው፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ በረጅም ፒንሳ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ከወጣም አትጩኹበት፣ ብርሃንም አታብሩበት፤ በጨለማ ውስጥ ዝም ይላል። እንደ ቆሮሶ በስንጥቡ ጣት ከትታችሁ አታንሡ። ጫማችሁ ቦቲ ይሁን። ዝልግልጉ በእጃችሁ እያለ ዓይናችሁን አትሹ።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከታኅሣሥ በኋላ ከዳርቻው ይጠፋል፤ ወደ ጥልቅ ይሸሻል። ትልልቅ ሰዎች እ.ኤ.አ. የ1963ቱን ክረምት ያነሣሉ፤ ባሕሩ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ በደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ብዙ ኮንገሮች ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ተገኝተው ነበር። ስለዚህ በየካቲት ግንብ ላይ አትንቀጥቀጡ፤ እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ተንቀጥቅጬ ምንም አልያዝኩም።

ከመብሉ በፊት ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ቅርፊት አለው ወይ? የለውም። ክንፍ አለው፣ ቅርፊት የለውም። «ክንፍና ቅርፊት ያለውን» የሚለውን የኦሪት ቃል የሚጠብቁ ሰዎች አገር ቤት አምባዛን እንደሚተዉት ይህንንም ይተዉታል። ጋሼም አይበሉትም። እኔ ደግሞ አምባዛ እየበላሁ ስላደግሁ እበላለሁ፤ ክርክር የለብንም። ዓሣ ቤት የምትሠሩ ግን የሚገዛችሁ የአገር ሰው ሲጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት፤ «ነጭ ዓሣ ነው» ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ለአሞራ ገደል ልጆች ደግሞ ለብቻ፤ ጥሬ አይበላም። ለብለብም አይሆንም። የኢል ወገኖች ደም ጥሬውን መርዛማ ነው፤ ሲበስል ግን መርዙ ይጠፋል። ስለዚህ ስታርዱትና ስትገፍፉት ጓንት አድርጉ፣ ቁስል ካላችሁ ሌላ ሰው ይሥራው፣ ደሙ ዓይን ውስጥ እንዳይረጭ ተጠንቀቁ፣ አብስሉትም። ቆዳው እንደ ቆሮሶ አይገፈፍም፤ በአንገቱ ዙሪያ ቀደድ አድርጋችሁ፣ ጭንቅላቱን በሚስማር ሳንቃ ላይ መትታችሁ፣ በፒንሳ ወደ ታች ትስቡታላችሁ።

ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው። ከጭንቅላቱ እስከ ሆዱ መጨረሻ ያለው ይበላል፤ ወደ ጅራቱ ያለው ግን እሾህ በእሾህ ስለሆነ ለልጅ እንዳትሰጡ። ለጉላሽ ከቆሮሶ ይሻላል እላለሁ፤ ድስት ውስጥ ቶሎ አይፈርስም፣ ቃሪያና ቲማቲሙን ችሎ ይቆማል። ስፔኖች ያደርቁታል። ጋሊሲያ ውስጥ ሙሺያ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ኮንገርን በእንጨት ቆጥ ላይ ሰቅላ በነፋስ ታደርቃለች፤ እንደ ቋንጣ ማለት ነው። ያ ቋንጣ ድሮ ከባሕር በጣም ወደራቀችው ካላታዩድ ይጫን ነበርና እስከ ዛሬ እዚያ ከሽምብራ ጋር ይሠሩታል። የእኔ ሙከራ የሽምብራ ወጥ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ሁለተኛ ጨምራለች፤ ከዚያ በላይ ምስክር አላመጣም።

ጭንቅላቱንና ጅራቱን አትጣሉ፤ ቀቅላችሁ አጥሉት፣ ለሾርባ ወፍራም መረቅ ይወጣዋል። ጋሼ የያዙትን ኮንገር እኔ ነኝ የምወስደው፤ እኔ የያዝኩትን ማኬሬል ደግሞ እሳቸው። ማኬሬል ቅርፊቱ ቢያንስም አለው። ዋጋችን አንድ ኮንገር በስድስት ማኬሬል ነው፤ ባለፈው ወር ሰባት ካልሆነ ብለው ተከራክረውኝ፣ ሰባተኛውን መንጠቆዬ ላይ ለሌላ ኮንገር ሰክቼው ስለነበር በስድስት ተስማማን።